የጎላንግ ጄኔሪክስ ለቡና መጋዘን ሶፍትዌር፦ የጋራ ፊልድ ላይ ሲደርስ የሚገጥመው

ጅማ ላይ ለቡና ነጋዴ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ቢያንስ ሦስት ዓይነት መዝገብ ይገጥመዋል፦ እሸት፣ ጀንፈልና የታጠበ። ሦስቱም ኪሎ አላቸው፣ አቅራቢ አላቸው፣ የገቡበት ቀን አላቸው። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያል። ጀንፈሉ እርጥበቱ ይለካል፣ እሸቱ በዕለቱ ዋጋ ይታሰባል፣ የታጠበው ደረጃ ይወጣለታል። የዕለቱን ኪሎ የሚደምር ፈንክሽን ሦስት ቦታ ከመገልበጥ አንድ ጊዜ ጽፎ ለሦስቱም ማዋል ማን ይጠላል? ጄኔሪክስም (አንድ ፈንክሽን ለብዙ የዳታ ዓይነት እንዲሠራ የሚያደርገው) የመጣው ለዚሁ ይመስላል። ጎላንግ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ግን እምቢ የምትለው ይህችው ቀላል ሥራ ናት።

ፍርዱን ቀድሞ ለመናገር፦ ጎላንግ በጥቅሉ ለመጋዘን ሥራ ከ5 4 ተኩል ይገባዋል። ነፃ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሚዛኑ አጠገብ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሌላ ምንም ሳይጭኑ ማስነሣት ይቻላል። ሊኑክስ ላይ ተቀምጦ ለዊንዶውስ የሚሆነውን ማውጣትም የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው። ጄኔሪክሱ ራሱ፣ ለስላይስ (ለዝርዝር)፣ ለማፕ (በቁልፍ ለሚፈለግ ስብስብ)፣ ለመደርደርና ለማጣራት ሲሆን፣ እንከን አይወጣለትም። በተለያዩ ስትራክቶች (የመዝገብ ቅርጾች) ውስጥ ያለን ተመሳሳይ ፊልድ (እንደ ኪሎ ያለ የመዝገብ ክፍል) ለመንካት ሲሆን ግን ከ5 ከ2 በላይ መስጠት ይከብዳል። እዚህ የተጻፈው እስከ 1.25 ስሪት ድረስ ያለውን ይመለከታል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ሦስቱን ስትራክቶች በአንድ ኮንስትሬይንት (ጄኔሪክ ፈንክሽኑ የሚቀበላቸውን ታይፖች፣ ማለትም የዳታ ዓይነቶች፣ በሚወስነው) ውስጥ በቋሚ መስመር ለይታችሁ ትዘረዝራላችሁ፤ ጄኔሪክ ፈንክሽኑን ትከፍታላችሁ፤ ሉፑ ውስጥ «ድምር += ዕ.ኪሎ» ትላላችሁ («ዕ» ሉፑ የደረሰበት መዝገብ ነው)። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው) የታይፕ ፓራሜትራችሁን (በታይፑ ቦታ የቆመውን) ስም ጠርቶ «ኪሎ የሚባል ፊልድም ሆነ ሜተድ የለውም» ብሎ ይመልሳል (ሜተድ ከታይፕ ጋር የታሰረ ፈንክሽን ነው)። ሦስቱም ውስጥ ኪሎ በአንድ ስምና በአንድ ታይፕ ቢኖርም መልሱ ያው ነው። ኮንስትሬይንቱ ውስጥ አንድ ስትራክት ብቻ ቢቀመጥም፣ ቲልዳ (~) ቢጨመርበትም አይለወጥም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የ1.18 የሙከራ ስሪት ይህን ይቀበል ነበር። ጄኔሪክስን ይዞ የመጣው ዋናው 1.18 እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሊወጣ ሲል ግን ፈቃዱ ቀረ። ከስሪቱ ጋር የወጣው መግለጫ ክልከላውን በግልጽ ጽፎ ወደፊት ሊነሣ እንደሚችል ጠቆመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስሪት ወጥቷል፤ ክልከላው እንዳለ ነው። በ1.25 «ኮር ታይፕ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ (በኮንስትሬይንት ያሉ ታይፖች የሚጋሩት መሠረታዊ ታይፕ) ከቋንቋው ደንብ ወጥቷል፤ ደንቡን ለማንበብ ቀለል አድርጎታል፤ ለዛሬ ፕሮግራማችሁ ግን ያመጣው ለውጥ የለም።

ምክንያቱን ማወቅ መፍትሔውን ለመምረጥ ይረዳል። ፊልድ ማለት ከስትራክቱ መጀመሪያ የተቆጠረ የባይት ርቀት ነው። ኪሎ ከፊት ከተጻፈ ርቀቱ ዜሮ ነው። አቅራቢ ከፊቱ ከገባ ግን፣ በ64 ቢት ማሽን ላይ ስትሪንግ (ጽሑፍ) 16 ባይት ስለሚይዝ፣ ኪሎ ከ16 ይጀምራል። ሲ ፕላስ ፕላስ ለእያንዳንዱ ታይፕ የፈንክሽኑን የተለየ ቅጂ ስለሚያወጣ በዚህ አይቸገርም። ታይፕስክሪፕትም አይቸገርም፤ ሲሮጥ ታይፕ የሚባል ነገር ስለማይቀርለት ፊልዱን በስሙ ይፈልጋል። የጎላንግ ኮምፓይለር ግን በሜሞሪ ውስጥ አንድ ቅርጽ ያላቸውን ታይፖች በአንድ ኮድ ያስተናግዳል (ፖይንተሮች፣ ማለትም የሜሞሪ አድራሻ የሚይዙት፣ በሙሉ እንደ አንድ ቅርጽ ይቆጠራሉ)፤ ልዩነቱን ከጎን በሚላክ መዝገብ ይይዛል። የፊልድ ርቀትንም እዚያ ማስገባት አይቻልም አይባልም፤ ተጨማሪ ሥራ ነው፣ ደንቡም ብዙ ጥጋጥግ አለው። ረስት የሚባለው ቋንቋም በትሬይት (እንደ ኮንስትሬይንት በሚያገለግለው) በኩል ፊልድ አያስነካም፤ ሜተድ ይጠይቃል። ስለዚህ ጎላንግ ብቻውን አይደለም፤ ጃቫ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ለምዶ ለመጣ ሰው ግን ያስደነግጣል።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ ለመጋዘን ሥራ የሚመረጠው ይህ ነው። የጋራ ፊልዶቹን በአንድ ስትራክት ሰብስቡ፤ ስሙ «መሠረት» ይሁን፤ ኪሎ፣ አቅራቢና ቀን እዚያ ይግቡ። እሸትም፣ ጀንፈልም፣ የታጠበም መሠረትን ያለ ፊልድ ስም በውስጣቸው ይያዙ። ከዚያ ለመሠረት ፖይንተር አንድ ሜተድ ብቻ ጻፉ፤ ስሙ «የጋራ»፣ ሥራው ያንኑ ፖይንተር መልሶ መስጠት። አንድ መስመር ናት። ሜተዷ በውስጥ ተይዛ ወደ ሦስቱም ስትራክቶች ትወጣለች። ኮንስትሬይንቱ የሚጠይቀውም እሷን ብቻ ነው። አሁን «ዕ.የጋራ().ኪሎ» ማንበብም መጻፍም ይቻላል። ነገ አራተኛ የቡና ዓይነት ቢመጣ መሠረትን ይያዝ እንጂ ሌላ የሚነካ ኮድ የለም። ለእያንዳንዱ ፊልድ አንባቢና ጻፊ ሜተድ እየጻፉ መቶ መስመር የሚሞሉ አሉ። ከጃቫ የመጣ ልማድ ነው፤ እዚህ አያስፈልግም።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን አሉ። መጀመሪያ፣ ስላይሱ የስትራክቶች ከሆነና ሜተዱ የፖይንተር ከሆነ ስትራክቱ ራሱ ኮንስትሬይንቱን አያሟላም፤ የሚያሟላው ፖይንተሩ ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ ሁለት ታይፕ ፓራሜትር ይፈልጋል፦ አንዱ ስትራክቱ፣ ሌላው «የዚያ ስትራክት ፖይንተር የሆነና የጋራ የሚባል ሜተድ ያለው» ነው። ሁለተኛውን በጥሪው ላይ መጻፍ አያስፈልግም፤ ኮምፓይለሩ ከመጀመሪያው ይደርስበታል። ሉፑ ውስጥ ግን የኤለመንቱን አድራሻ በቁጥሩ፣ ማለትም በ«&ዝርዝር[ቁ]»፣ ወስዳችሁ ወደ ሁለተኛው ታይፕ መቀየር አለባችሁ። ሬንጅ (ዝርዝሩን የሚዞረው ሉፕ) የሚሰጣችሁን ተለዋዋጭ ከተጠቀማችሁ የምታስተካክሉት ቅጂውን ነው። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ ኪሎው በዋናው ዝርዝር ላይ እንደነበረ ይቀራል። ከዚህ የከፋ ስሕተት ጥቂት ነው፤ የሚታወቀው ሒሳብ ሲዘጋ ስለሆነ።

ሁለተኛ፣ ስትራክቱ በራሱ «ኪሎ» የሚል ፊልድ ቢጨምር የላይኛው የውስጡን ይሸፍነዋል። «ጀ.ኪሎ» አንድ ቁጥር፣ «ጀ.የጋራ().ኪሎ» ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ነባር ስትራክት ላይ መሠረትን ስታስገቡ አሮጌዎቹን ፊልዶች መሰረዝ አትርሱ። ሦስተኛ፣ ስትራክት በቀጥታ ሲሞላ በውስጥ የተያዙትን ፊልዶች በስማቸው መጥራት እስከ 1.25 አይቻልም፤ መሠረት ብሎ ከፍቶ በውስጡ መጻፍ ግድ ነው። አራተኛ፣ አንድ ታይፕ በአንድ ስም ፊልድም ሜተድም ሊኖረው አይችልም፤ ፊልዱ ኪሎ ከሆነ ሜተዱ ሌላ ስም ይፈልጋል።

የጄሰን (ዳታን በጽሑፍ የመለዋወጫ ቅርጽ) ጣጣም አለ። በውስጥ የተያዘው ስትራክት ራሱን ወደ ጄሰን የሚቀይር ሜተድ ካለው ያ ሜተድ ወደ ውጪኛው ይወጣና መላውን ስትራክት ይወክላል። ቀኑን ለማሳጠር ብላችሁ የጎላንግን የጊዜ ታይፕ ያለ ስም መሠረት ውስጥ ብታስገቡ ከጀንፈሉ መዝገብ የሚወጣው ቀን ብቻ ይሆናል፤ ኪሎም አቅራቢም የሉም። ቀን ሁልጊዜ ስም ያለው ፊልድ ይሁን።

እዚህ ላይ ማንም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ጄኔሪክስ ለምን ያስፈልጋል? ሜተድ ካለ ተራ ኢንተርፌስ (የሚፈለጉ ሜተዶችን ብቻ የሚዘረዝር ታይፕ) አይበቃም? አንድ መዝገብ ብቻ ለሚቀበል ፈንክሽን ይበቃል፤ እንዲያውም ይሻላል። የሚያንሰው ስላይስ ሲመጣ ነው። የእሸት ስላይስን የኢንተርፌስ ስላይስ ለሚጠብቅ ፈንክሽን መስጠት አይቻልም፤ አንድ በአንድ ወደ አዲስ ስላይስ መገልበጥ ይጠይቃል። ጄኔሪኩ ይህን ያስቀራል። ውጤቱም የኢንተርፌስ ሳይሆን የእሸት ስላይስ ሆኖ ይመለሳል። ከእነዚህ ሁለት ምክንያቶች አንዱም ከሌለ ጄኔሪኩን ተዉት።

ሁለተኛው ጥሩ መንገድ ፊልዱን የሚያወጣ ፈንክሽን አብሮ መላክ ነው። ደማሪው ፈንክሽን ስላይሱንና «ከዚህ መዝገብ ኪሎውን ስጠኝ» የሚል ትንሽ ፈንክሽን ይቀበላል፤ ጥሪው «ድምር(እሸቶች, የእሸት_ኪሎ)» ይመስላል። ምንም ኮንስትሬይንት አይጠይቅም። ስትራክቶቹን መንካት አያስፈልግም። ፊልዱ በአንዱ ኪሎ፣ በሌላው ክብደት ቢባልም ግድ የለውም። የጎላንግ የራሱ ላይብረሪ የሚሄድበት መንገድም ይኸው ነው፤ በ1.21 የገባው የስላይስ ፓኬጅ በፈለጋችሁት ፊልድ ለመደርደር ማወዳደሪያ ፈንክሽን ይቀበላል። ለሪፖርት፣ ለድምርና ለመደርደር ከዚህ የሚቀል የለም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ፈንክሽን አራት አምስት ፊልድ ሲፈልግ ነው፤ ያኔ ጥሪው በትንንሽ ፈንክሽኖች ይጨናነቃል። እስከ ሁለት ፊልድ ይህኛው፣ ከዚያ በላይ የመሠረት ዘዴው ቢሆን ይሻላል።

ድምር ከተነሣ አይቀር ፈረሱላን (17 ኪሎን) ማንሣት ግድ ነው። ኮንስትሬይንታችሁ ኢንቲጀርንም (ሙሉ ቁጥርን) ፍሎትንም (ነጥብ ያለውን ቁጥር) ከፈቀደ ለ17 ማካፈል ለሁለቱም ይጻፋል፤ ኮምፓይለሩም ይቀበለዋል። ውጤቱ ግን እንደ ታይፑ ይለያያል። 500 ኪሎ በፍሎት 29.41 ፈረሱላ ነው። በኢንቲጀር 29 ብሎ ያቆማል፤ መልሳችሁ በ17 ስታባዙ 493 ይወጣል፤ 7 ኪሎ ቡና የት ገባ? ለአንድ አቅራቢ 7 ኪሎ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ለመቶ አቅራቢ ግን 700 ኪሎ ነው። የሚገርመው በ17 ፈንታ 0.5 ብትጽፉ ኮምፓይለሩ ወዲያው ይጮሃል፤ ያ ቁጥር ለኢንቲጀር ስለማይሆን። 17 ለሁለቱም ስለሚሆን ያልፋል። ስለዚህ ለክብደት የሚሆነው ኮንስትሬይንት ፍሎት ብቻ ይፍቀድ፤ ወይም ሁሉም ነገር በግራም በኢንቲጀር ይያዝና ወደ ፈረሱላ የሚቀየረው ሲታተም ብቻ ይሁን። ለገንዘብ ነክ ሥራ ሁለተኛው ይመረጣል።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ስትራክቶቹ አንድ ዓይነት ፊልዶች በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ካላቸው፣ ልዩነታቸው የስትራክቶቹ ስምና ታጎቹ (ከፊልድ ጎን የሚጻፉት ማስታወሻዎች) ብቻ ከሆነ፣ ጎላንግ ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየርን ይፈቅዳል፤ ታግ ልዩነት መሆኑ የቀረው ከ1.8 ጀምሮ ነው። ይህ በጄኔሪክ ውስጥም ይሠራል፦ «መሠረት(ዕ).ኪሎ» ያለ ምንም ሜተድ ኪሎውን ያነባል። በተለይ ከዳታቤዝ ጥያቄዎች ኮድ የሚያወጣውን ኤስኪውኤልሲን ለሚጠቀሙ ይመቻል፤ ለየጥያቄው የተለየ ስትራክት ስለሚያወጣ። ግን ይህ መንገድ ተሰባሪ ነው። አንድ ፊልድ ቢጨመር ወይም ቦታ ቢቀያየር ኮምፓይል ማድረጉ ይቆማል (መቆሙ ደግ ነው፣ በዝምታ ከሚሳሳት)። ደግሞም የሚሰጣችሁ ቅጂ ነው። ለመጻፍ ከፈለጋችሁ ቅጂውን አስተካክላችሁ ወደ ታይፕ ፓራሜትሩ መልሳችሁ መቀየርና ቦታው ላይ መተካት ይኖርባችኋል። የፖይንተር ቅየራ በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ከፖይንተሩ ጀርባ ታይፕ ፓራሜትር ካለ ደንቡ ይከለክላል።

በመሣሪያ የወጣ ኮድን በእጅ ማረም እንደማይገባ የታወቀ ነው። ሜተድ መጨመር ግን ይቻላል፤ በዚያው ፓኬጅ ውስጥ ሌላ ፋይል ከፍታችሁ ብትጽፉ መሣሪያው ድጋሚ ሲሮጥ አይጠፋም። ከፕሮቶባፍ (ሌላ የዳታ መለዋወጫ ቅርጽ) የሚወጡ ስትራክቶች ደግሞ ለየፊልዱ አንባቢ ሜተድ ይዘው ይወጣሉ፤ እነሱን በኮንስትሬይንቱ መጥራት ብቻ ነው። ኮንስትሬይንት ውስጥ ታይፖችን ስትዘረዝሩ ሜተዱንም አብራችሁ ጻፉት። የተዘረዘሩት ሁሉ ሜተዱ ቢኖራቸውም በስሙ ካልተጻፈ ኮምፓይለሩ አያስጠራም።

የቀሩትን በአጭሩ። ታይፕ ስዊች (ታይፑን አይቶ ቅርንጫፍ የሚመርጠው) ይሠራል፤ ግን ለየታይፑ አንድ ቅርንጫፍ ስለሚጠይቅ ሦስት ፈንክሽን ከመጻፍ አይለይም፤ ይባስ ብሎ አዲስ ዓይነት ሲጨመር የረሳችሁትን ቅርንጫፍ ኮምፓይለሩ አይነግራችሁም። ሪፍሌክት ፊልዱን በስሙ ፈልጎ ያመጣል፤ ዝግተኛ ነው፣ የፊደል ስሕተት የሚታወቀውም ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው። ኤክሴል ፋይል ለሚያስገባ ክፍል ይሁን፤ ለየዕለቱ ድምር አይሁን። አንሴፍን (የታይፕ ጥበቃን የሚያልፈውን ፓኬጅ) በመጠቀም ርቀት ቆጥሮ ፊልድ መንካት የሚመክር ካለ አትስሙት።

ፍጥነትን የሚጠይቁ አሉ። በታይፕ ፓራሜትር በኩል የሚጠራ ሜተድ በዚያ የጎን መዝገብ ስለሚያልፍ ኮምፓይለሩ ብዙ ጊዜ የሜተዱን ኮድ በጥሪው ቦታ ላይ በቀጥታ ሊከትተው አይችልም። ሚዛን ላይ በቀን ጥቂት ሺህ መዝገብ ለሚያስተናግድ ፕሮግራም ይህ አይታወቅም። ሚሊዮን መዝገብ በሉፕ የምትዞሩ ከሆነ በጎላንግ የራሱ የቤንችማርክ መሣሪያ ለኩት እንጂ አትገምቱ።

አሁን ወደ ፊደላችን። እስካሁን ኪሎ፣ መሠረት፣ የጋራ እያልን የጻፍነው ለማብራራት ብቻ አይደለም፤ ጎላንግ የግእዝ ፊደልን በስም ውስጥ ይቀበላል። ግን ሦስት ወጥመድ አለው። አንደኛው ትልቅ ነው። ጎላንግ አንድ ስም ከፓኬጁ ውጪ እንዲታይ በላቲን እንዳለው ባለ ትልቅ ፊደል መጀመር አለበት ይላል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ በግእዝ የሚጀምር ስም ሁሉ የውስጥ ነው። «ኪሎ» የሚል ፊልድ ያለውን ስትራክት ወደ ጄሰን ብትቀይሩት ያለ ምንም የስሕተት መልእክት ባዶ ቅንፍ ይወጣል። በኮንስትሬይንትም በኩል አለበት። አንድ ፓኬጅ ውስጥ ያለ «የጋራ» የሚል ሜተድና ሌላ ፓኬጅ ውስጥ የተጻፈ «የጋራ» ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ሜተዶች ናቸው፤ ኮንስትሬይንቱ አልተሟላም ይላችኋል፣ ስሙ ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ። መፍትሔው ከፓኬጅ የሚወጣውን ስም በትልቅ የላቲን ፊደል መጀመርና የአማርኛውን ስም ለጄሰን ታጉ መተው ነው፤ ታጉ ግእዝ ይቀበላል።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «መሠረት» እና «መሰረት» ለሰው አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፓይለሩ ሁለት ስሞች ናቸው። ፀሐይና ጸሐይም እንደዚያው። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ የትኛውን ሠ እንደምትጽፉ ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር ነጠላ ሰረዝ ከተመታ ኮምፓይለሩ በዩኒኮድ ቁጥር 1363 የተመዘገበ የማይታወቅ ምልክት አገኘሁ ይላል። ያ የእኛው «፣» ነው።

በመጨረሻ የስሪትና የኢንተርኔት ጉዳይ። የፕሮጀክቱ ሞድ ፋይል (go.mod) ላይ የተጻፈው የጎላንግ ስሪት ከ1.18 በታች ከሆነ፣ አዲስ ኮምፓይለር ብትጭኑም ጄኔሪክስ አይሠራም፤ መስመሩን አስተካክሉ። ከ1.21 ወዲህ ደግሞ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ስሪት ማሽኑ ላይ ካለው ከበለጠ ጎላንግ አዲሱን ኮምፓይለር በራሱ ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ሳይጠየቅ የሚወጣ ወጪ ነው። ጎቱልቼይን የሚባለውን ቅንብር «ሎካል» አድርጉት፤ ያኔ ከማውረድ ይልቅ ስሪቱ አይበቃም ብሎ ይቆማል። ከሌሎች የተወሰዱ ፓኬጆችንም በቬንደር ትእዛዝ ፕሮጀክቱ ውስጥ ገልብጡ፤ መረቡ በተቋረጠ ቀንም ኮምፓይል ማድረግ ይቻላል።